ኪያርን በጥሬው ለመብላት፦ ከአመራረጡ እስከ ሳህኑ

ስለ ኪያር ኢንተርኔት ላይ የማይባል ነገር የለም። ቦርጭ ያጠፋል፣ ደም ያጠራል፣ ስኳር ያወርዳል፣ ሎሚ ጨምቀውበት አድሮ ጠዋት በባዶ ሆድ ከተጠጣ ደግሞ "መርዝ ጠራርጎ ያወጣል" ምናምን። እውነቱን ለመናገር መርዝ ማስወጣት የጉበትና የኩላሊት ስራ ነው፣ ኪያር እዛ ውስጥ ምንም ድርሻ የለውም፣ ስብ የሚያቀልጥ አትክልት የሚባል ነገርም የለም። ግን ይሄ ማለት ኪያር አይረባም ማለት አይደለም፣ በቃ ምን እንደሚሰጥና ምን እንደማይሰጥ አውቆ መብላት ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ኪያር ላይ አብዛኛው ሰው ሁለት ነገር ያበላሻል፣ ቆዳውን ይጥላል፣ ከዛ ደግሞ ብቻውን ይበላዋል።

ወደ አሰራሩ ከመግባታችን በፊት ቁጥሩን ቶሎ እንየው። 100 ግራም ጥሬ ኪያር ከነቆዳው ሲመዘን 95 ግራም የሚሆነው ውሃ ነው፣ ውሃ ውሃ የምንለው ሐብሐብ እንኳን 91 አካባቢ ነው። ካሎሪው 15 ብቻ፣ ካርቦሃይድሬቱ 3.6 ግራም፣ ከሱ ውስጥ ስኳሩ 1.7 ግራም፣ ፋይበሩ ግማሽ ግራም፣ ፕሮቲኑ አንድ ግራም እንኳን አይሞላም፣ ፖታሺየሙ 147 ሚሊግራም። ሱፐርማርኬት ውስጥ የምናየው ትልቁ ኪያር 300 ግራም አካባቢ ስለሚሆን አንዱን ሙሉ ብትጨርሱት 45 ካሎሪ ነው ያገኛችሁት፣ ከዛ ጋር ግን አንድ ብርጭቆ ሞልቶ የሚተርፍ ውሃ ጠጥታችኋል ማለት ነው። ሙቀት አገር ላሉ፣ ዱባይም ሪያድም አፋርም ቢሆን፣ ወይ ደግሞ ውሃ መጠጣት ለሚረሳ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ክብደት መቀነስ የሚፈልግም ሰው የሚጠቀመው በዚሁ ነው፣ ሆድ ይይዛል ካሎሪ አይጨምርም፣ ሌላ ሚስጥር የለውም።

ቫይታሚን ላይ ስንመጣ ጎላ ብሎ የሚታየው ቫይታሚን ኬ ነው፣ ደም እንዲረጋ የሚያስፈልገው ማለት ነው። 100 ግራም ከነቆዳው 16 ማይክሮግራም ይሰጣል። ስትልጡት ወደ 7 ይወርዳል! ከግማሽ በላዩ ከልጣጩ ጋር ቆሻሻ ውስጥ ገባ ማለት ነው። አንድ ትልቅ ኪያር ከነቆዳው የበላች ሴት የቀን ፍላጎቷን (90 ማይክሮግራም ነው የሚባለው፣ ለወንድ 120) ከግማሽ በላይ ሸፈነች። ቫይታሚን ሲ ግን ከኪያር አትጠብቁ፣ በ100 ግራም 3 ሚሊግራም ገደማ ነው፣ ያውም ተቆርጦ ሲቀመጥ ራሱ ውስጥ ያለ ኢንዛይም ቫይታሚን ሲውን መሰባበር ይጀምራል። ቫይታሚን ሲ ከፈለጋችሁ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፣ ቃርያ አለችላችሁ፣ አረንጓዴ ቃርያ በ100 ግራም ከ200 ሚሊግራም በላይ አላት፣ አንድ ደህና ቃርያ ከአንድ ኪሎ ኪያር ትበልጣለች። ስለዚህ ኪያር ሰላጣ ላይ ቃርያ መክተፍ ለማጣፈጫ ብቻ አይደለም።

በሉ አሁን ወደ ስራው።

አንደኛ፣ አመራረጥ

ኪያር የሚቀጠፈው ሳይበስል ነው፣ ይሄን ማወቅ ምርጫውን ያቀለዋል። ፍሬው እፅዋቱ ላይ ቆይቶ ሲበስል ቢጫ ይሆናል፣ ቆዳው ይጠነክራል፣ ዘሩ ይደድራል፣ ውስጡ ይኮመጥጣል። ስለዚህ ቢጫ ያለበትን ተዉት፣ "በሰለ" ብሎ የሚያግባባችሁ ሻጭ ካለ ፈገግ ብላችሁ እለፉ። ጥቁር አረንጓዴ ወይም ወጥ የሆነ አረንጓዴ፣ ሲያዝ ጠንከር የሚል፣ ሁለቱም ጫፉ ያልተሸበሸበ ይሁን። ጫፉ ለስለስ ካለ ወይ ከተጨማደደ ውሃው መትነን ጀምሯል። መሃሉ ላይ ሆዱ የተነፋውም ዘር የበዛበት ነው፣ ቀጠን ያለው ይሻላል። ትልቅ ስለሆነ ብቻ አትውሰዱ፣ ባብዛኛው ትልቁ ያረጀው ነው።

ውጭ አገር ላላችሁ ደግሞ አይነቱ ይለያያል። አሜሪካ ውስጥ በተለምዶ የሚሸጠው ወፍራም ቆዳ ያለው ኪያር ውሃው እንዳይተን ሰም ይቀባል፣ የሚያብረቀርቀው ለዛ ነው። ሰሙ የሚበላ አይነት ነው ግን በውሃ ብቻ አይለቅም፣ ካልተመቻችሁ እሱን ልጡት። ረጅሙ በላስቲክ የተጠቀለለው ግን ሰም አይቀባም፣ ላስቲኩ ያንኑ ስራ ይሰራለታል፣ ቆዳውም ስስ ነው። ትንንሾቹ ደግሞ አሜሪካ "ፐርሺያን" እየተባሉ በከረጢት የሚሸጡት፣ እስራኤል ያላችሁ በየቀኑ የምትገዟቸው አይነት ማለት ነው፣ ቤት አልፋ ከሚባለው የእስራኤል ኪቡፅ (የጋራ እርሻ መንደር) ዝርያ ጋር ዘመድ ናቸው፣ ለጥሬ መብል ከነሱ የሚሻል የለም ባይ ነኝ። ቆዳቸው አይታወቅም፣ ዘራቸው የለም በሚባል ደረጃ ነው። ዘር የሌለው በጂን ምናምን ተሰርቶ አይደለም፣ ንብ ሳያስፈልገው ራሱ ፍሬ የሚይዝ ዝርያ ስለሆነ ነው።

ሁለተኛ፣ አቀማመጥ

ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም፣ ኪያር ብርድ አይወድም። ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲሆን ከጥቂት ቀን በኋላ ቆዳው ላይ ጉድጓድ ጉድጓድ ያወጣል፣ ውሃ የቋጠረ የመሰለ ቦታ ያበጃል፣ ከዛ ይሟሟል። ፍሪጅ ደግሞ 4 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ዛሬና ነገ የምትበሉት ከሆነ እንደ አዲስ አበባ አየሩ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ላይ ኩሽና ጥላ ውስጥ ቢቀመጥ ምንም አይሆንም። ከዛ በላይ ከቆየ ወይ አገሩ ሞቃት ከሆነ ፍሪጅ ግድ ነው፣ ግን ከታች ወይም ከኋላ ጥግ አታስገቡት፣ በሩ ላይ ወይ ከላይ መደርደሪያ ፊት ለፊት፣ ሳይታጠብ፣ በሶፍት ተጠቅልሎ ፌስታል ውስጥ ይግባ። እርጥብ ሆኖ ከገባ አይቆይም።

ሌላው ጎረቤቱ ነው። ሙዝ፣ ማንጎ፣ አቮካዶ፣ ቲማቲም ሲበስሉ ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ያወጣሉ፣ ኪያር ደግሞ ለዚህ ጋዝ በጣም ስስ ነው፣ አብሯቸው ካደረ ቶሎ ቢጫ ይሆናል። አንድ ዘንቢል ውስጥ ሁሉንም ደባልቀን አምጥተን እንደዛው የምናሳድር ሰዎች ነን እኮ፣ ቤት ስትገቡ ለዩዋቸው።

ሦስተኛ፣ እጥበት (እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ)

ጥሬ የሚበላ ነገር ስለሆነ ዋናው ደረጃ ይሄ ነው። ሌላ አትክልት ድስት ውስጥ ገብቶ እሳት ያድነዋል፣ ኪያር ግን ከመሬት ቀጥታ ወደ አፍ ነው። የድሮ ሰው ይፈራው ነበር፣ ሳሙኤል ፔፕስ የሚባለው የለንደን ሰው ነሐሴ 1663 እ.ኤ.አ. በጻፈው የቀን ማስታወሻ አንድ የሚያውቀው ሰው ኪያር በልቶ ሞተ ተብሎ እንደተነገረው መዝግቧል። ገዳዩ ኪያሩ ይሁን ሌላ ማን ያውቃል፣ ግን የዛን ጊዜውን ከተማ ውሃና ማዳበሪያ ስታስቡት ፍርሃቱ ዝም ብሎ የመጣ አይመስልም።

በኛ ዘመንም ቢሆን አላለቀም። 2015 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ከሜክሲኮ የገባ ኪያር ሳልሞኔላ የሚባል ባክቴሪያ ይዞ ከ900 በላይ ሰው አሳምሟል፣ የሞቱም ነበሩ፣ 2024 ላይም እዛው አሜሪካ ተመሳሳይ ነገር ተከስቷል። በሌላ በኩል ደግሞ ኪያር በሐሰት የተከሰሰበት ጊዜ አለ፦ 2011 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ ኢ ኮላይ የሚባል የሆድ ባክቴሪያ ተነስቶ ከ3 ሺ በላይ ሰው ታመመ፣ ከ50 በላይ ሞተ፣ የሃምቡርግ ባለስልጣናት መጀመሪያ ላይ የስፔን ኪያር ነው ብለው ተናገሩ፣ በቃ አውሮፓ ሙሉ ኪያር መግዛት አቆመ፣ የስፔን ገበሬ ምርቱን ሜዳ ላይ ደፋው። በኋላ ሲጣራ ጥፋተኛው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የአብሽ ቡቃያ! ከግብፅ የመጣ የአብሽ ዘር ጀርመን ውስጥ በቅሎ በጥሬው ሰላጣ ላይ ሲነሰነስ ነበር። አብሽ ይጎዳል ማለት አይደለም ደሞ፣ ነገሩ ዘሩ ላይ የነበረው ባክቴሪያና ሳይበስል መበላቱ ነው።

እሺ እንዴት ይታጠባል? መጀመሪያ እጃችሁን በሳሙና። ከዛ ኪያሩን በሚወርድ ውሃ ስር አድርጋችሁ በእጅ ወይም ለአትክልት ብቻ በለያችሁት ብሩሽ እሹት፣ መታሸቱ ነው ዋናው፣ ነክሮ ማውጣት እጥበት አይባልም። እሾህ እሾህ ያለው አይነት ከሆነ እዛች እሾህ ስር አፈር ይደበቃልና በደንብ እሹት። ሳሙና ወይ ኦሞ አትንኩት፣ ቆዳው ሊመጠው ይችላል። አቼቶ ባለው ውሃ መዘፍዘፍ ይቻላል፣ አይጎዳም፣ ግን ማሸቱን አይተካም። የቧንቧው ውሃ የማታምኑት ከሆነ የመጨረሻውን ማለቅለቂያ ፈልቶ በቀዘቀዘ ወይ በታከመ ውሃ አድርጉት። በመጨረሻ በንጹህ ጨርቅ ወይ ሶፍት ማድረቅ።

እና እባካችሁ፣ የሚላጠውም ይታጠብ። "ልልጠው አይደል ምን ያደርጋል" ሚሉ አሉ፣ ቢላው ግን ቆዳው ላይ ያለውን ሁሉ ይዞ ወደ ውስጥ ይገባል። የመክተፊያው ጣውላም ስጋ የተቆረጠበት ከሆነ ሌላው ልፋት ሁሉ ከንቱ ነው።

ኮሌራ ገባ በተባለበት ሰሞን ግን ጨክኑና ቆዳውን ላጡት፣ ቫይታሚኑ ይቅር። ንጹህ ውሃ ጭራሽ ከሌለ ደግሞ ጥሬውን ተዉት።

አራተኛ፣ መራራነቱን መፈተሽ

ኪያር አልፎ አልፎ የሚመረው ኩከርቢታሲን በሚባል ነገር ነው። ዱባም ዝኩኒም ቅልም ሐብሐብም አንድ ቤተሰብ ስለሆኑ ሁሉም ይሄን ነገር መስራት ይችላሉ፣ እንስሳ እንዳይበላቸው መከላከያቸው ነው። ኪያር የተገኘው ህንድ ውስጥ ከሂማላያ ተራሮች ግርጌ ነው፣ የዱር ዘመዱ እስከዛሬ እዛው ይበቅላል፣ ትንሽ ናት፣ ስትቀመስ እሬት ናት። ገበሬው ወደ 3 ሺ ዓመት ገደማ የማይመረውን እየመረጠ እየዘራ ነው ዛሬ ላይ የደረሰው። 2014 እ.ኤ.አ. ላይ የቻይና ተመራማሪዎች ያሉበት ቡድን ምሬቱን የሚያዙትን ጂኖች ለይቶ አውጥቷቸዋል፣ አንዱ ቅጠሉን አንዱ ፍሬውን የሚያዝ። ግን ተክሉ ውሃ ሲጠማውና ሙቀት ሲበዛበት ያ የድሮ አመሉ ተመልሶ ይመጣል።

ምሬቱ በብዛት ያለው ግንዱ በነበረበት ጫፍ በኩልና ከቆዳው ስር ነው። ስለዚህ በዛ በኩል ሁለት ሳንቲሜትር ቆርጣችሁ ጣሉ፣ ቀጥሎ አንድ ስስ ቁራጭ ወስዳችሁ ቅመሱ። ካልመረረ ጨርሳችሁ ክተፉ። ትንሽ መረር ካለ ሌላ ቁረጡና ቆዳውን ላጡ። አፍ የሚያጣብቅ ከባድ ምሬት ከሆነ ግን ተፉት ሙሉውን ጣሉት፣ ኩከርቢታሲን ሲበዛ ሆድ ይቆርጣል ያስመልሳል፣ ብር አውጥቼበታለሁ ተብሎ የሚበላ ነገር አይደለም። ጫፉን ቆርጦ በቁራጩ የተቆረጠውን ቦታ ክብ ክብ እያደረጉ ማሸት፣ አረፋ እስኪያወጣ ድረስ፣ ህንዶችም የሚያደርጉት የታወቀ ዘዴ ነው፣ ደስ ይላል ለማየት፣ ምሬቱን ግን ከውስጥ ስቦ አያወጣውም።

አምስተኛ፣ መቁረጥ

ከመብላታችሁ በፊት ወዲያው ቁረጡ፣ ቆርጦ ማሳደር ጥሩ አይደለም። ያ ኪያር ኪያር የሚለው ሽታ ራሱ የሚፈጠረው ሲቆረጥ ወይ ሲታኘክ ነው፣ ሳይነካ ብዙም አይሸትም፣ ስለዚህ ቶሎ ሲበላ ነው ጣዕሙ።

ቆዳው ስስ ከሆነ አትላጡ ብያለሁ። ወፍራም ከሆነና ልጅ ወይ አያት እምቢ ካሉ ግማሽ መንገድ አለ፣ አንድ መስመር ልጦ አንድ መስመር መተው። ዘሩ የደደረ ከሆነ ለሁለት ሰንጥቃችሁ በማንኪያ ጠርጉት። ጥርስ ላልጨረሰ ህፃን ክብ ክብ አድርጋችሁ አትስጡ፣ ያንቃል፣ በረጅሙ ቀጭን አድርጋችሁ አጠገቡ ቁጭ በሉ።

ጨው መጨረሻ ላይ። ጨው ሲነካው ውሃውን ይስባል፣ ሰላጣው ከደቂቃዎች በኋላ ሾርባ ሆኖ ይገኛል። እርጎ ውስጥ የሚገባ ከሆነ ግን ተቃራኒው ነው፣ አስቀድማችሁ ጨው ነስንሱበት፣ ሩብ ሰዓት ያህል ይቆይ፣ ውሃውን ጨምቃችሁ ድፉ፣ እርጎው እንዳይቀጥን።

ስድስተኛ፣ ከምን ጋር

አሁን ዋናው ጋ ደረስን። ቫይታሚን ኬ እና ቆዳው ላይ ያለው ቤታ ካሮቲን (ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚቀይረው) ሰውነት ውስጥ በደንብ የሚገቡት ቅባት ሲያገኙ ነው። ኪያር ራሱ ቅባት የለውም። ስለዚህ ዘይት፣ አቮካዶ፣ ሰሊጥ፣ ለውዝ፣ ከነዚህ አንዱ ይኑር። ፕሮቲን ስለሌለውም ምግብ አጠገብ ይቀመጥ እንጂ ምግብ አይሁን፣ ቀኑን ሙሉ ኪያር ብቻ በልተው "ዳይት ላይ ነኝ" የሚሉትን ማታ ላይ እንዴት እንደሚበሉ እናውቃለን።

ለፆም፦ ሁለት መካከለኛ ኪያር ከነቆዳው፣ ሁለት ቲማቲም፣ ግማሽ ቀይ ሽንኩርት በስሱ፣ አንድ ወይ ሁለት ቃርያ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ፣ ጨው በመጨረሻ። ሎሚው ያንን ቫይታሚን ሲ የሚሰባብረውን ኢንዛይም ያዳክመዋል፣ የቃርያውም እንዲተርፍ ይረዳል። ላዩ ላይ የተቆላ ሰሊጥ ወቀጥ አድርጋችሁ ነስንሱ። ከሽሮ ወይ ከምስር ጋር ሲበላ በርበሬውን ያበርደዋል፣ ለኔ ከፓስታ ጋር ከሚበላው በጣም ይሻላል።

ለፍስክ፦ ጨምቃችሁ ያዘጋጃችሁትን ኪያር እርጎ ውስጥ፣ አንድ ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ ደረቅ ናና፣ ትንሽ ዘይት። ቤይሩት ወይ ሌላ አረብ አገር የሰሩ እህቶቻችን ይሄን ከኔ በላይ ያውቁታል፣ ቱርክም ግሪክም የየራሳቸው አላቸው፣ ህንዶች ደግሞ ከሙን ይጨምሩበታል። በኛ ቤት እርጎ ላይ ሚጥሚጣ ቆንጠር ማድረግ ማንም አይከለክልም።

ሰነፍ ለሆነ ቀን፦ በረጅሙ ሰንጥቆ ጨውና ሚጥሚጣ። ኢራኖች እንግዳ ሲመጣ ኪያርን ከብርቱካንና ከፖም ጋር አንድ ሳህን ላይ እንደ ፍራፍሬ ያቀርቡታል፣ ልጦ በጨው መብላት ነው። ደግሞም ትክክል ናቸው፣ በእፅዋት ሳይንስ ፍሬ ነው።

ማን ይጠንቀቅ

የልብ ቧንቧ ወይ ቫልቭ ችግር ኖሮበት ዋርፋሪን የሚባለውን ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ኪያር አይከለከልም፣ ግን አንድ ሳምንት በየቀኑ ሁለት ሁለት በልቶ ሌላ ሳምንት ጭራሽ መተው በቫይታሚን ኬው ምክንያት መድኃኒቱን ያዛባል፣ መጠኑ ወጥ ይሁን፣ ሐኪሙም ይወቅ። እርጉዝ የሆነች እህት ኪያር ትብላ፣ ግን በደንብ ታጥቦ፣ ቢቻል ቤቷ የታጠበ። ስኳር ያለበት ሰው እንደልቡ መብላት ይችላል፣ መድኃኒቱን ግን አይተካለትም። ጥቂት ሰው ደግሞ ኪያር ሲበላ አፉን ጉሮሮውን ያሳክከዋል፣ ለአንዳንድ የአበባ ብናኝ አለርጂ ያለበት ሰው ላይ የሚታይ ነገር ነው፣ እሱ ይተወው።

ታሪክ የምትወዱ ካላችሁ አንድ ነገር ላክል። የሮማው ጢባርዮስ ቄሳር በየቀኑ ኪያር ይበላ ነበር፣ ጎማ ባለው አልጋ ላይ እየተዘራ ፀሐይ ወደ ዞረበት ይገፋለት ነበር የሚለው ወሬ በየቦታው አለ። አልጋው እውነት ነው፣ ፕሊኒ የሚባለው ሮማዊ ጽፎታል፣ የተክል ታሪክ የሚያጠኑ ሰዎች ግን አትክልቱ ኪያር ሳይሆን አረቦች ፋቁስ የሚሉት ረጅም ጠምዘዝ ያለ የሜሎን ዘር ነው ይላሉ። ዘኁልቁ 11 ላይ እስራኤላውያን በበረሃ የናፈቁት የግብፅ አትክልትም እሱው ነው ባዮች ናቸው። የኛው ኪያር አውሮፓ የገባው ዘግይቶ በመካከለኛው ዘመን ነው፣ ዛሬ ደግሞ ከዓለም ምርት ከሦስት አራተኛ በላዩን የምታመርተው ቻይና ናት።

የተረፈውን

ተቆርጦ የተረፈ ኪያር ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ አይቀመጥ፣ ሙቀት አገር ከሆነ ከአንድ ሰዓት። ክዳን ባለው እቃ ፍሪጅ ይግባ፣ በማግስቱ ይለቅ። ካሟለጨ ወይ ሽታው ከተቀየረ ጣሉት። ዘግይታችሁ አይታችሁት ለጥሬ የማይሆን ያረጀ ካጋጠማችሁ ደግሞ ካልመረረ ላጡት፣ ዘሩን ጥረጉ፣ እንደ ዝኩኒ ቆራርጣችሁ አልጫ አትክልት ውስጥ መጨረሻ ላይ ጨምሩት፣ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል።